ክራር የሚሠራ ሰው በኅዳር ይጀምር

ጅማ ላይ ክራር ለመሥራት የተነሣ ሰው ከመጥረቢያው በፊት ወሩን ይይ። ከተማችን በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ክረምቱ ሲበረታ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንኳ ቀናት ይፈጃል። ክራር ደግሞ የእንጨትና የቆዳ ሥራ ነው፤ ሁለቱም እርጥበት ይጠጣሉ፣ ሁለቱም ሲደርቁ ይኮማተራሉ። በሐምሌ የተጠረበ ገበቴ (ድምፅ የሚያጎላው የክራሩ ሆድ) ሻጋታ ያወጣል። በሐምሌ የተወጠረ ቆዳ ሳይደርቅ ይሸታል። የእጅ ሥራቸው ንጹሕ የሆነ ብዙ ክራሮች ድምፃቸው የሚታፈነው በዚህ ነው። ስለዚህ ገበቴውን በኅዳር መጀመሪያ ጥረቡ፣ ቆዳውን በጥር ወጥሩ፣ ክሩን ደግሞ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ በጥር መጨረሻ እሰሩ።

እዚህ የምጽፈው ገበቴው ከአንድ ግንድ ስለሚወጣው ባለ ስድስት ክር ክራር ነው። ከስስ ጣውላ የሚገጣጠመው ባለ ሣጥን ክራር ቀላልና ፈጣን ነው፤ የብረት ሳህን ገበቴ አድርጎ መሥራትም የቆየ ልማድ ነው፣ ድምፁም ጥርት ይላል። ነገር ግን ጅማ በርጩማን ከአንድ ግንድ የሚያወጡ እጆች ያሉባት አገር ናት። ያ ሙያ ለገበቴ የሚያስፈልገው ሙያ ራሱ ነው፤ እንጨቱም ያው ዋንዛ ነው።

ዋንዛ (በኦሮምኛ ዋዴሳ) ቀላል፣ ለመሮ የሚታዘዝና ሲደርቅ እንደ ሌሎቹ የማይጣመም ነው። በዙሪያችን የቡና ጥላ ሆኖ ስለሚበቅል ሩቅ አይፈለግም፤ ያለ ፈቃድ ግን አይቆረጥም። ከጣውላ ቤት ከነደረሰኙ ግዙ፣ ወይም ከበርጩማ ጠራቢዎች የተረፈ ጉማጅ ጠይቁ፤ ለክራር የሚበቃው ለእነሱ ቁራጭ ነው። ከውጭ በኩል ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ተዉት፤ ነቀዝ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀይ ቡናማው የውስጠኛው ክፍል ይሻላል። ባሕር ዛፍ አትሞክሩ፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ክብደቱም ለገበቴ አይሆንም።

ግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ይበቃል። በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁትና የግንዱን መሀል ነጥብ ከነአካባቢው 3 ሳንቲ ሜትር ላጩት። ይህ ነጥብ ገበቴው ውስጥ ከቀረ ስንጥቁ ከዚያው ይነሣል፤ ምንም ዓይነት ማድረቂያ ዘዴ አያድነውም። የገበቴው አፍ ወደ ግንዱ መሀል፣ ቂጡ ወደ ቅርፊቱ ይሁን። የእንጨቱ ጭረት (በግንዱ ቁመት የሚሄደው መስመር) የሚሄድበት አቅጣጫ ክሩ ከሚዘረጋበት አቅጣጫ ጋር ይግጠም፤ ሲጨርሱ ማዞር የለምና ከመጀመሪያው በእርሳስ ቀስት አድርጉበት።

እንጨቱ እርጥብ ሳለ በሻካራው ጥረቡ። ከውጭ 29 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 12 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ የግድግዳው ውፍረት 2.5፣ ቂጡ 3 ሳንቲ ሜትር። ግድግዳው ከዚህ ከወፈረ ውጩ ቀድሞ ይደርቅና ይፈነዳል፤ ከሳሳ ደግሞ ሲጣመም የሚታረም ሥጋ አይተርፍለትም። የጭረቱ ጫፍ የሚታይባቸውን ሁለቱን ጎኖች በቀለጠ ሰም ወይም በኮላ ቀቡ፤ ውሃ ከሌላው ቦታ ይልቅ ከዚያ ይሮጣል። ከዚያ በጆንያ ጠቅልላችሁ ነፋስ በቀጥታ የማያገኘው ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ ምድጃ አጠገብ መስቀል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማንጠልጠል፣ እነዚህ ሦስቱ ገበቴ ይገድላሉ።

መድረቁን በሚዛን እወቁ። በየሳምንቱ መዝናችሁ በግንዱ ራሱ ላይ ጻፉ። መጀመሪያ በሳምንት ብዙ መቶ ግራም ይቀንሳል፤ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከ5 ግራም በላይ ካልቀነሰ ደርሷል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው አየር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። አፉ ክብ እንደነበረ እንዳይመስላችሁ፤ ከጭረቱ አግድም ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይጠብባል። የ2 ሳንቲ ሜትሩ ትርፍ የተተወው ለዚህ ነው።

ሲደርቅ ከውጭ ጀምሩ። ውጩን በመሮና በሞረድ 27 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አድርሱ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ አንድ ዘዴ አለ፤ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ላይ ከጫፉ 9 ሚሊ ሜትር ለክታችሁ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ከውጭ በኩል በየ5 ሳንቲ ሜትሩ እስከ ፕላስተሩ ብቻ ቅደዱ። አሁን ከውስጥ ስትጠርቡ ቀዳዳው ብቅ ሲል እጃችሁ ይቁም፤ ግድግዳው 9 ሚሊ ሜትር ሆኗል ማለት ነው። ቀዳዳዎቹን በኋላ በራሱ የዋንዛ ዱቄትና በኮላ ድፈኑ። በእጅ እየዳሰሱ «ይበቃል» ማለት አንዱን ጎን 6፣ ሌላውን 15 ሚሊ ሜትር ያደርጋል፤ ቂጡም ከመጠን በላይ ወፍሮ ይቀራል። ቋሚዎቹ (ሁለቱ የጎን ክንዶች) የሚያልፉባቸውንና የሚቆሙባቸውን ቦታዎች ግን በ15 ሚሊ ሜትር ተዉ፤ በእነዚያ ላይ ፑንታውን አታሳርፉ። ቂጡ መሀል ላይ አንድ የ15 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይኑር፤ አየር የታፈነበት ገበቴ ድምፁ አጭር ነው።

የቀረውን ልኬት በሐሳብ አትያዙት። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ዘርግታችሁ ክራሩን በሙሉ መጠኑ ሣሉት። የገበቴው ክብ 27 ሳንቲ ሜትር። በርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት) ከታችኛው ጠርዝ በ8 ሳንቲ ሜትር ላይ። ከበርኩማው እስከ ቀንበሩ (ሁለቱን ቋሚዎች ከላይ የሚያገናኘው አግዳሚ) 48 ሳንቲ ሜትር፤ ስለዚህ ቀንበሩ ከገበቴው የላይ ጠርዝ 29 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሁለቱ ቋሚዎች መሀል ለመሀል ሲለኩ ቀንበሩ ጋ 34፣ ከገበቴው በሚወጡበት 20፣ ታች በሚቆሙበት 11 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ የሚወድቁ ናቸው፤ አንዱን ከቀየራችሁ ሌሎቹን ከሥዕሉ እንደገና አንብቡ።

ቋሚዎቹን ከደረቀ ወይራ ወይም ከቀጥተኛ ጭረት ዋንዛ አውጡ፤ 22 በ22 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመት 66 ሳንቲ ሜትር፣ ትርፉ በኋላ ይቆረጣል። ቀንበሩ 44 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድቡልቡል እንጨት ይሁን፤ እዚህ ላይ ወይራ ይመረጣል። መቃኛ (ክሩን የሚያጠብቀውና የሚያላላው እንጨት) የሚዞርበት ቀዳዳ በለስላሳ እንጨት ላይ ቶሎ ይሰፋልና።

ለመቃኛዎቹና ለበርኩማው ከቡና እንጨት የተሻለ አላውቅም። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው ግንድ ጠንካራ፣ ጭረቱ ደቃቅ፣ ሲላግ እንደ ቀንድ የሚያብረቀርቅ ነው፤ በየጓሮው ለማገዶ ይሄዳል። የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ምረጡ። በ15 ሳንቲ ሜትር ቆራርጣችሁ ሁለቱንም ጫፍ ሰም ነክሩ፤ ያለ ሰም በሳምንት ውስጥ ከጫፉ እስከ መሀሉ ይሰነጠቃል። ለሦስት ወር ያህል ይድረቅ፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት በጥቅምት አዘጋጁት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ቋሚዎቹ በገበቴው ግድግዳ የሚያልፉበት ቀዳዳ መሀሉ ከአፉ ጠርዝ 3.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ያኔ በቋሚውና በቆዳው መካከል 2.4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተርፋል። ቋሚው ቆዳውን ከውስጥ ከነካ ክራሩ ዕድሜውን ሙሉ ይንጫጫል። ቀንበሩ ደግሞ ከቋሚዎቹ ፊት፣ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ በተቦረቦረ መቀመጫ ላይ ይረፍ። ቋሚዎቹን በቀንበሩ ውስጥ ማሳለፍ የተለመደና ያማረ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ልኬት እንደዚያ ካደረጋችሁ ክሩ ወደ ኋላ ይጎተትና የገበቴውን የላይ ጠርዝ ይነካል። ውስጥ ለውስጥ ማሳለፍ የፈለገ ሰው ቋሚዎቹን ወደ ፊት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል አለበት። ከፊት ሲቀመጥ ክሩ ጠርዙን በ9 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያልፋል፤ በቂ ነው። ይህን ገበቴውን ሳትበሱ በፊት በሥዕሉ የጎን ገጽታ ላይ በክር ፈትኑት።

ታች ቋሚዎቹ የሚቆሙባቸውን ሁለት ጉድጓዶች 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ብቻ ቆፍሩ። ኮላ አያስፈልግም። ክሩ ሲጠብቅ ቀንበሩን ወደ ገበቴው ይስባል፣ ቋሚዎቹም ወደ ጉድጓዳቸው ይቀረቀራሉ። በሽብልቅ ማጥበቅ ግን ክልክል ነው፤ ጭረቱ በዚያው አቅጣጫ ስለሚሄድ ሽብልቅ ገበቴውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከታችኛው ግድግዳ ውጭ፣ በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል፣ ክሮቹ የሚታሰሩበትን 12 ሚሊ ሜትር የወይራ ካስማ አስገቡ። ይህ ብቻ በኮላ ይያዝ።

ቆዳው የፍየል ነው፤ ጥሬው እንጂ የለፋው አይደለም። የለፋ ቆዳ ይለጠጣል፣ ድምፅ አይመልስም። ከበግ ቆዳ ይልቅ የፍየሉ ጠበቅ ያለና እኩል ነው። ትኩሱን ካገኛችሁ አመድ በበዛበት ውሃ ከ3 እስከ 4 ቀን ንከሩት፤ ጠጉሩ በጣት ሲነቀል አውጥታችሁ በደነዘዘ ቢላ ፋቁ፣ ከሥጋው በኩል ያለውን ስብና ስስ ሽፋን ሁሉ አንሡ። ስብ የቀረበት ቦታ ሲደርቅ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ብልም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብራና የሚፍቁ ሰዎች ካሉ ከእነሱ ያለቀለት መግዛት ብዙ ድካም ያስቀራል። ውፍረቱ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ የወፈረ ይከብዳል፤ ከዚያ የሳሳ በጥር ደረቅ አየር ይተረተራል።

ደረቁን ቆዳ 45 ሳንቲ ሜትር ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። የጀርባው አጥንት ያለፈበት መስመር በክራሩ ቁመት መሀል ላይ ይዋል፤ ቆዳ በጀርባ በኩል ስለሚወፍር ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በርኩማው ዘንበል ይላል። ከጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ በወስፌ ብሱ፤ 43 ገደማ ቀዳዳ ይወጣዋል፤ ቁጥሩን ወደ 44 አጠጋጉና ጥንድ ይሁን። በቀዝቃዛ ውሃ 6 ሰዓት ይንከር። ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፤ የራሰ ቆዳ ከ60 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ወደ ቀድሞውም አይመለስም። ለዚሁ ምክንያት የተወጠረ እርጥብ ቆዳ ከሰል አጠገብ አይቀመጥም።

የገበቴውን ጠርዝ ከውጭ በኩል ኮላ ቀቡ። የውስጠኛውን የጠርዝ ስለት ግን ቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጉት፤ ስል ጠርዝ ቆዳውን እንደ ቢላ ይቆርጣል። ቆዳውን አልብሱት፣ ከቂጡ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር የሽቦ ቀለበት አስቀምጡ፣ ከተረፈው ቆዳ በተቆረጠ የራሰ ጠፍር ከቆዳው ቀዳዳ ወደ ቀለበቱ፣ ከቀለበቱ ወደ ቆዳው እያመላለሳችሁ ስፉ። አንዱን ጎን ጨርሶ ሌላውን መጀመር ቆዳውን ያዛባዋል። መጀመሪያ ዙሪያውን ላላ አድርጋችሁ ስፉ፣ ከዚያ በተቃራኒ ጎኖች እየተፈራረቃችሁ ሦስት ዙር አጥብቁ። እርጥብ ሳለ እንደ ከበሮ እንዲጮህ አትፈልጉ፤ ጣት ሲጫን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ በቂ ነው፣ የቀረውን ሲደርቅ ራሱ ይስበዋል። ሚስማር መደርደር ፈጣን ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። የሚስማሩ ዙሪያ ይዝጋል፣ ቆዳው በክረምት ሲላላ እንደገና መወጠርም አይቻልም። ጠፍር ግን ይፈታል፣ ይጠብቃል።

በጥላ 4 ቀን ይደርቅ። በሦስተኛው ቀን መሀሉን በጣት መታ አድርጉ፤ የታፈነ ድምፅ ከሆነ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ጠርቶ የሚዘገይ ከሆነ ደርሷል። የቋሚዎቹን መውጫ ከደረቀ በኋላ በጋለ ብረት ብሱ። በቢላ የተቆረጠ ቀዳዳ ጥጉ ይተረተራል፤ የተቃጠለ ጠርዝ ግን ይጠነክራል።

በርኩማው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ድምፁን ግን ከገበቴው ባልተናነሰ ይወስናል። ርዝመት 9 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታ 18 ሚሊ ሜትር፣ ከታች 5፣ ከላይ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፤ መሀሉ ከታች ተቦርቡሮ በሁለት እግር ይቁም። ክብደቱ ከ10 ግራም በታች ካልሆነ ድምፁ ይታፈናል። የክሮቹ መተከያ ስንጥቅ በየ14 ሚሊ ሜትሩ፣ የክሩን ውፍረት ግማሽ ብቻ የሚይዝ። ስንጥቁ ከጠለቀ ክሩ በውስጡ ይንጫጫል። እግሮቹን ለማስተካከል ቆዳው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጥፉና በርኩማውን በላዩ ወዲያ ወዲህ አድርጉ፤ የቆዳውን ቅርጽ ይይዛል። የሚሸከመው ክብደት ወደ 4 ኪሎ ነው። በርኩማውን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ይህ ጫና ይጨምራል፤ ድምፅ ለማጉላት ብሎ 30 ሚሊ ሜትር ያደረገ ሰው ቆዳውን ያጎደጉዳል።

መቃኛዎቹ 8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይኑራቸው፤ ቀንበሩን የሚያልፈው ክፍል ከ9 ወደ 7.5 ሚሊ ሜትር እየቀጠነ ይሂድ። ቀንበሩን በ7 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቅደዱ፣ በቀጭን ድቡልቡል ሞረድ ከአንድ ወገን አስፉ፣ መቃኛውን እያስገባችሁ አዙሩት፤ ያብረቀረቀው ቦታ የነካው ነው፣ እሱን ብቻ ፋቁ። ክሩ የሚጠቀለልበትን 6 ሚሊ ሜትር አድርጉ፤ የቀጠነ መጠቅለያ ቅኝትን በጥቂት በጥቂቱ ለማረም ይመቻል። መቃኛ ከተንሸራተተ ጠመኔ ቀቡት፣ ከተነከሰ ደረቅ ሳሙና። ጅማ ላይ ሁለቱንም ትጠቀማላችሁ፦ ጠመኔውን በበጋ፣ ሳሙናውን በክረምት።

ለክር የእንስሳ ጅማት ዛሬ ጥቂት ሰው ይጠቀማል፤ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን እርጥበት አያስቸግረውም፣ በየውፍረቱም ይገኛል። ለዚህ ክራር፣ በ48 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከወፍራሙ ጀምሮ 0.9፣ 0.8፣ 0.7፣ 0.6፣ 0.5 እና 0.45 ሚሊ ሜትር እሰሩ። ሙሉ ትዝታ በሚባለው ቅኝት፣ ከታችኛው ሶል ተነሥታችሁ ስትቃኙ ሶል 196፣ ላ 220፣ ሲ 247፣ ሬ 294፣ ሚ 330፣ ላይኛው ሶል 392 ኸርዝ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ክር ወደ 2.5 ኪሎ ይጎትታል፣ ስድስቱ ተደምረው 15 ኪሎ። ሁሉም በእኩል ስለሚጎትቱ ጣት ከክር ክር ሲሻገር ልዩነት አይሰማውም። ስድስቱንም አንድ ዓይነት 0.6 ማሰር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ወፍራሞቹ ድምፆች ይላላሉ፣ ይረግባሉ፣ ቀጭኑ ይጮኻል። የክሮቹን ቦታ መምህራችሁ እንደሚደረድረው ደርድሩ፤ ውፍረቱ የሚከተለው ድምፁን እንጂ ቦታውን አይደለም። ክሩ የገበቴውን የታች ጠርዝ በሚያልፍበት ላይ ጠባብ የቀንድ ወይም የወፍራም ቆዳ ቁራጭ አንጥፉለት፤ ያለዚያ ቆዳውን ይበላዋል።

ናይለን ለአንድ ሳምንት ያህል መለጠጡን አይተውም። በመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ ቃኙት፤ መቃኛው ላላ ብሎ ነው ብላችሁ አትፋቁት። ክሩ ሲረጋ ሌሎቹን ቅኝቶች ሞክሩ። ከሙሉ ትዝታ ወደ ግማሽ ትዝታ ሲውን እና ሚውን በግማሽ ድምፅ ማውረድ ነው። ከዚያ ላውን በግማሽ ድምፅ አውርዳችሁ ሲ ቤሞሉን (በግማሽ ድምፅ የወረደውን ሲ) ወደ ዶ ስታወጡ አምባሰል ይሆናል፤ ከአምባሰል ላይ ሬውን በግማሽ አውርዳችሁ ሚ ቤሞሉን ወደ ሚ ስትመልሱ አንቺሆዬ። በአራቱም ላይ ሳይንጫጫና ሳይታፈን ከተናገረ ሥራው ልክ ነው። የሚንጫጫ ከሆነ በዚህ ተራ ፈልጉ፦ የላላ የክር ጫፍ ቆዳውን ነክቶ እንደሆነ፣ የበርኩማው አንድ እግር ከፍ ብሎ እንደሆነ፣ ጠፍሩ ላልቶ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ገበቴው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ።

የገበቴውን ውጭ በስሱ ጎማላካ (የእንጨት ማብረቅረቂያ ቅብ) ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ውስጡን ባዶውን ተዉት። ቆዳውን ቅቤም ዘይትም አታስነኩት፤ ይለሰልስና ድምፁ ይወድቃል። ሰኔ ሲገባ ቆዳው ይላላል፣ በርኩማው ዝቅ ይላል፣ ክሮቹም ይወርዳሉ። ያኔ ክሩን ማጥበቅ አይደለም መፍትሔው፤ ከመጫወታችሁ በፊት ለ10 ደቂቃ ከምድጃው አንድ ክንድ ተኩል ርቀት ላይ፣ ቆዳውን ወደ እሳቱ አዙራችሁ ያዙት፤ መዳፋችሁ የሚችለው ሙቀት ለቆዳውም ይበቃል። ማደሪያው የውስጠኛው ግድግዳ ይሁን እንጂ ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ አይሁን። ጥቅምት አልፎ ቆዳው አሁንም ረግቦ ከቀረ ክሩን አላሉ፣ ጠርዙ ላይ የተጣበቀውን በራሰ ጨርቅ አለስልሳችሁ አላቁ፣ ቆዳውን ከሥጋው በኩል ደጋግማችሁ አርጥቡና ጠፍሩን እንደገና ሳቡ።